ምሳ ያልተላከበት ሰኞ

ዋሲሁን ሰኞ ማታ ጭሮ በሚገኘው ቤቱ ሳሎን በግንባሩ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ በግማሽ የጎደለ ጆግ ነበር፤ ውስጡ የአንጀት ማጠቢያ መድኃኒትና የጫት ፀረ ተባይ።

ፖሊሶቹ ጫት የሚረጨውን የወንድሙን ልጅ ዳግማዊን በካቴና አስረው ነገሩን ጨርሰውታል። ኢንስፔክተር ሳሊሃ ግን የቀረበላትን ሁሉ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ፀረ ተባይማ በየጓዳው አለ።

«መድኃኒቱን የሰጠኸው አንተ ነህ?» አለችው ነርስ ፍፁምን።

«አዎ። ማክሰኞ አዲስ አበባ አንጀቱን በካሜራ ሊታይ ነበር። ሰኞ እህል ሳይቀምስ ይጠጣዋል። ለማንም እንዳትተነፍስ ብሎኛል።»

ወደ ዳግማዊ እናት ወደ ወይዘሮ ፈለቀች ዞረች። «ምሳ የሚልኩለት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ባሌ ነጋሽ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞም ልኬያለሁ።»

ሳሊሃ ጓዳ ገብታ ተመለሰችና ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ጓዳ ያለው አንድ ምሳ ዕቃ ነው፤ ታጥቦ የደረቀ፣ የእሑዱ። የሰኞው ቢመጣ ኖሮ ይሄኛው በምትኩ ይመለስ ነበር፤ ሰውዬው አይበላምና አዲሱም እንደሞላ ይገኝ ነበር። ምሳውን ያስቀረው እንደማይበላ ያወቀ ሰው ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ሽንት ቤት ያመላልሳል፤ ጆጉ ብቻውን ሲቀር ገብተው ፀረ ተባዩን ጨመሩበት። አይደለም እንዴ፣ ወይዘሮ ፈለቀች?»

ፈለቀች ነጠላዋን አስተካከለች። «ደግ አደረግሁ። ነጋሽ በካንሰር አንጀቱን ከተቀደደ በኋላ በሽታው በዘር የመጣ መሆኑን የሚያየው ምርመራ ውጤት መጣ። ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም ብሎ ወንድሙ ዋሲሁን ተቀበለ። ወረቀቱ ሊመለስ ይችላል፣ በየዓመቱ ይታይ ይላል። ለባሌ ግን ‹ድነሃል› አለው። ተመልሶ ገደለው። የዋሲሁንን ኮት ላጥብ ስል ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ኪሱን ሳልፈትሽ አላደርኩም፤ የራሱን ቀጠሮም አገኘሁ። ባሌ የተነፈገውን ካሜራ እሱ ሊታይ? አይ አቦ።»

«ወረቀቱስ?»

ከጉያዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሳሊሃ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ወንድሞቹና ልጆቹም ይመርመሩ።»

«መቼ ነው ያገኙት?»

«አምና፣ መስቀል ሰሞን።»

«ለዳግማዊ አሳይተውታል?»

ፈለቀች ልጇን ቀና ብላ ማየት አቃታት። «እንዳይደነግጥብኝ ብዬ…»

የዳግማዊ ካቴና ተፈታ። ወረቀቱን ተቀብሎ ለፍፁም ዘረጋለት። «ልጆቹ የሚለው እኔን ነው?»

«አንተን ነው።»

እናቱ እጇን ዘረጋችለት። ዳግማዊ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ፍፁምን፣ «እንሂድ» አለው።