አባቴ የጨመሩት አያት

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በንጉሡ ዘመን ነው። ንፋስ መውጫ ላይ የታሪክ ማኅበር ተቋቁሞ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ንግግር ይደረግ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ መምህር ጸጋዬ ነው። የተዋወቅነው እዚያው ነው፤ ወንበር ቢያጣልኝ የራሱን ለቀቀልኝና ቆሞ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ነበር።

ሽማግሌ ላከ። እንደ አገሩ ወግ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ታዲያ ኅዳር ላይ የንግግሩ ተራ የአባቴ የባላምባራስ ደምሌ ሆነ። ደብሩን ስለተከሉት ስለ አዛዥ ወልደማርያም ሲያወሩ ሰው አጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ናላቸውን አዞረው መሰለኝ፣ «እኔም የልጅ ልጃቸው ልጅ ነኝ!» አሉና አረፉት። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተጨበጨበ።

አዛዥ ወልደማርያም እኮ የጸጋዬ ምንጅላት ናቸው!

ቆጠራውን የመሩት መሪጌታ ገብረ መድኅን ተነሡ። «ሲቆጠር ለምን ሸሸጉን ባላምባራስ? እንግዲያው ልጆቹ በአራት ቤት ይገናኛሉ። ጋብቻው አይሆንም።»

አባቴ «ዋሸሁ» ማለት አቃታቸው።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም። «አባዬ፣ እውነቱን ይናገሩ እንጂ!»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልዋረድ?»

«እኔስ? በሌለ አያት ቆሜ ልቅር?»

ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

በማግስቱ ጸጋዬን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘሁት። ፊቱ ገርጥቷል።

«የሚመጣው እሁድ ተናጋሪው ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

«ተራህን ስጠኝ።»

«የሻረግ፣ እዚያ ሴት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ያስወጡሻል።»

«ያስወጡኛ! ወይስ እህትህ ሆኜ ልቅር?»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳለ ሳቁ አመለጠው። «ተራው ያንቺ ነው» አለ።

እሁድ ስቆም ጉርምርምታው አዳራሹን ሞላው። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። «የሻረግ ደምሌ። ደምሌ ተክለሃይማኖት። ተክለሃይማኖት...» ብዬ አባቴን አየኋቸው። የቀረውን ስም አውቀዋለሁ። ግን ውሸቱ የሳቸው ነው፤ እውነቱንም ራሳቸው ያውጡት!

አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ካሳ» አሉ። «አያቴ ካሳ ናቸው። ከስማዳ መጥተው፣ በሰው በሬ የሰው መሬት ሲያርሱ የኖሩ። አዛዥ ወልደማርያም ምኔም አይደሉም። ዋሽቻለሁ።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ጋብቻው ይጸናል» አሉ።

ለውሸቱ ጣሪያ ያነቃነቀው ያ ሁሉ ሰው፣ ለካሳ ሲሆን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አንድ ሰው ብቻ ከጸሐፊው ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ።

እሱን በጥር አገባሁት። ሌሎቹን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።