የጠቆሩ ፊቶች

የሥዕል መምህሩ አቶ ሽበሺ፣ ታቦር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ተማሪዎቻቸውን በሚያስተምሩበት ክፍል ውስጥ፣ ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶ ደረጃ ጋር ተጋጭቶ ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ሩሀማ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም፤ ልጃቸው ሶሊያና ግን በካቴና ታስራ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች።

«በምን ማስረጃ ነው ያሰርካት?» አለች ሩሀማ ደሟ ፈልቶ።

«ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል» አለ ሳጅን ፍቃዱ። «ሰውየው ጠዋት ‹ይሄ ፎቶ ነው! ፎቶ!› እያሉ ሲጮኹ ነበር። እሷ ደግሞ ፎቶ አንሺ ናት። በዚሁ ነገር ሁልጊዜ እንደተጨቃጨቁ ነው።»

«የእሷን ድምፅ የሰማ አለ?»

ፍቃዱ የማስታወሻ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ።

«አባቴ ነገ ይቀበራል» አለች ሶሊያና። «እንዳልቀብረው ነው የምታስሩኝ?»

ሩሀማ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ያልደረቀ ጥቁር ቀለም አለ። የቀለም ሣጥናቸውን በረበረች፤ ጥቁር የሚባል የለም።

«አባትሽ ጥቁር ቀለም የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«እቤቱ አያስገባም! ‹ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ዓይናችሁን ክፈቱ› ነበር የሚለው። ተማሪ በጥቁር ከሣለ ሥዕሉን በአውራ ጣቱ ይፍቀዋል።»

መምህሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ባዘጋጁት ዐውደ ርእይ፣ ቦታው ላይ ታይቶ የተሣለ ሥዕል ብቻ ነበር የሚቀርበው። ከተመረጡት ሁለት ተማሪዎች ማርታ ጠዋቱን ፈተና ላይ እንደነበረች ተረጋገጠ። ዳንኤል ደግሞ ሥዕሉን ይዞ መጣ።

«ጠዋቱን ሙሉ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹን እያየሁ ስሥል ነበር። ይኸው፣ ቀለሙ እንኳ አልደረቀም።»

ጀልባ፣ ከጀልባው ኋላ የምታንጸባርቅ ፀሐይ፣ ፊታቸው የጠቆረ አስጋሪዎች። የአንደኛው ፊት ላይ በችኮላ ቀለም ተደርቦበታል። ሩሀማ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ አስከሬኑን የሚመረምረውን ሐኪም ቃል ጠበቀች፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ዳንኤል፣ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ሆና የሰዎቹን ፊት ታበራለች። አንተ ግን ከሐይቁ ማዶ አድርገሃታል። ይህ የአመሻሽ ፀሐይ ነው።»

«ከራሴ ጨምሬ ነው…»

«ሶሊያና፣ ፀሐይ ከኋላው የሆነችበት ሰው በስልክ ሲነሣ ምን ይሆናል?»

«ፊቱ ይጠቁራል» አለች ፎቶ አንሺዋ። «ዓይን ግን ያየዋል።»

«ስልክህ ላይ ካለ ፎቶ ነው የሣልከው» አለች ሩሀማ። «ጠዋት ለመምህርህ አመጣህላቸው። ገና ሲያዩት ‹ይሄ ፎቶ ነው!› ብለው ጮኹ፤ እንደ ልማዳቸውም በጣታቸው ፋቁት። ከዚያ ገፋሃቸው። ጥቁሩ እዚህ ቤት የገባው ባንተ ሥዕል ነው። የጣታቸው ጭረት ከደረብከው ቀለም ሥር አሁንም ይታያል።»

«በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ዳንኤል። «ስልክ እያለ ማን ፀሐይ ላይ ይገተራል? ለመግደል አይደለም የገፋኋቸው! የሞቱ መስሎኝ ሸሸሁ!»

«ፊታቸውን አየኸው?»

«አላየሁም… አልዞርኩም።»

«ወዲያው አልሞቱም!» አለች ሩሀማ በንዴት። «ሐኪሙ ብዙ ቆይተዋል ብሎኛል። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ ብታያቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

ፍቃዱ ወደ ሶሊያና ተጠግቶ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ ካቴናውን ፈታላት።

«ቀና በል!» አለችው ሶሊያና። «ፊቴን እየው!»