ቢጫው ሻሽ

መቶ አለቃ ሣህሌ ከአሰላ ዲክሲስ ሲደርስ የሀብተ ማርያም ሬሳ ከነፋስ ፓምፑ ማማ ሥር አቡጀዲ ለብሶ ተጋድሟል። ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ የማኅበሩን ከብት የሚያጠጣው ይህ ፓምፕ ነበር፤ ሟቹ ጠባቂው ነው። ጠዋት ግሪስ ሊቀባ ወጥቶ ክንፎቹ መትተው ጣሉት።

«ገዳዩ ይኸው» አለ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዲሪባ፣ እጁ የታሰረውን ሁሴኖን እያሳየ። «የናፍጣ ሞተር ሠራተኛ ነበር፤ ይኼ ፓምፕ ሥራውን ስላሳጣው ቂም ያዘ። ወደ በላይ እንላከው።»

በዚያ ዘመን ወደ በላይ የተላከ ሰው ተመልሶ አይታይም።

«ክንፎቹን የሚያቆመውን ፍሬን ከፍተሃል?» ሲል ሣህሌ ሁሴኖን ጠየቀው።

«ከፍቻለሁ፣ ጓድ መቶ አለቃ። ከብቱ ጠምቶት ነበር። በጉሙ የተነሳ ማማው ላይ ያለ ሰው አይታይም፤ ነፋሱም የተነሳው ከከፈትኩ በኋላ ነው። ጨርቅ ግን አልታሰረም ነበር፣ ወላሂ!»

ሀብተ ማርያም ማማው ላይ ሲወጣ ከሥር ባለው የፍሬኑ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስር ነበር፤ ያንን ያየ ፍሬኑን አይነካም። ሣህሌ የሟቹን ኪስ ሲፈትሽ ቀዩን ጨርቅ ተቀዳዶ አገኘው። እጀታው ላይ ደግሞ ቢጫ ክር ተጣብቋል።

ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። የሟቹ ሚስት ፋናዬ ደረቷን ትመታለች። ከጓሮው አጥር ላይ የታጠበ ቢጫ ሻሽ እንዲደርቅ ተሰጥቷል፤ የግሪሱ እድፍ አለቀቀም። ሣህሌ ባላየሁት ብሎ ተመኘ። ዲሪባንና ሁሴኖን ጨምሮ ሰዉን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ሀብተ ማርያም ጥንቁቅ ነበር። ቀዩ ቢቀደድበት ከቤቱ ሻሽ ወስዶ አሰረ። ሁሴኖ ሳይመጣ ሌላ ሰው ፈታው። ክፉ አስቦ ቢሆን ይደብቀው ነበር፤ ይኸው ግን በግላጭ ተሰጥቷል። ለቅሶ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ልብስ የሚያጥብ የለም። ስለዚህ የፈታው ሰው መሞቱን ሳያውቅ አጠበው።»

ፋናዬ ተነሳች።

«የመስቀል ሻሼ ነው። ውሃ ልቀዳ ስሄድ አየሁት፤ በግሪስ አጨማለቀብኝ ብዬ ተናደድኩ። ምልክቱ ቀይ አልነበር? ላይ መኖሩን በምን ልወቅ!»

«ሁሴኖን ሲያስሩትስ?»

«ያን ጊዜ ገባኝ። ፈራሁና ዝም አልኩ።»

ሣህሌ መዝገቡ ላይ «ድንገተኛ አደጋ» ብሎ ጻፈ። ዲሪባ የሁሴኖን ገመድ ሲፈታ ቀና ብሎ አላየም። ሁሴኖም ደስ አላለውም፤ «የከፈትኩትስ እኔ ነኝ» አለ።

ከቀብሩ ማግስት ከብቱ ባዶውን ገንዳ ከቦ ይጮሃል። ፍሬኑን የሚደፍር ጠፋ። በመጨረሻ ሁሴኖ እጀታውን ይዞ ወደ ጉሙ አንጋጠጠ።

«ላይ ሰው አለ?»

ከኋላው ፋናዬ እንስራዋን አወረደች።

«የለም» አለች። «ክፈተው።»