ባለቤት ያጣው ጉማጅ

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ጵርስቅላ እንደ ልማዷ ቆማ ነበር። መቼም ይህች ሴት መቀመጥ አይሆንላትም፤ ሆሳዕና ፖሊስ ውስጥ የእሷ ወንበር እንደ ተገዛ አዲስ ነው እያሉ ይቀልዱባታል። የደወለው የቦኖሻ ፖሊስ ነው። የገበሬዎች ማኅበሩ የትራክተር ሹፌር አጵሎስ ትናንት ማክሰኞ ከሰዓት በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ሞቷል። ከትራክተሩ ኋላ የሚገጠመው የመሬት መደልደያ ምላጭ፣ ያ ግዙፍ ብረት፣ አንድ ክንዱ ተሰብሮ ደረቱ ላይ ወድቆበታል።

«አደጋ ነዋ! እኔን ምን አስፈለገኝ?»

«ክንዱን የበየደውን ሰው አስረናል። ቃሲም ይባላል፤ ቤቱ ከሟች ቤት ፊት ለፊት ነው። ነገ ድንኳኑ ሲነሳ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ጥፋቱ የቃሲም ነው ከተባለ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከቦኖሻ መውጣቱ አይቀርም። ወጣቶቹ ከአሁኑ እያጉረመረሙ ነው። ቶሎ ብትመጪልን?»

እሷ ግን የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ነበር።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሲላስ ጠበቋት። በቤተ ክርስቲያንም በማኅበርም የተከበሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሽበታም ሰው ናቸው። ደሙ ላይ የስንዴ ገለባ ተነስንሶበታል። አረንጓዴው ምላጭ ትራክተሩ ኋላ መሬት ላይ ተጋድሟል።

ጵርስቅላ አንዴ ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው። ከዚያ ቁጢጥ ብላ የተሰበረውን ክንድ አየች። ስብራቱ ዳር ዳሩ ያብለጨልጫል፤ መሃሉ ግን ዝጓል፤ ዝገቱ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ገብቶበታል። ከስብራቱ አጠገብ እብጥ ያለ የብየዳ ጠባሳ አለ፤ እሱም ከላዩ እንደ ሌላው ብረት አረንጓዴ ነው።

«ድምፁን ሲሰሙ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ቢሮዬ። ዷ! አለ። ሮጬ ስደርስ ልጁ ስሩ ነው። ሞተሩ ይሠራ ነበር፤ ቁልፉን አዙሬ አጠፋሁት።»

«ሌላስ የነኩት?»

«ቁልፉን ብቻ። ከዚያማ ጩኸት ነው፤ ሰው ሞላ።»

ዘላ የትራክተሩ መቀመጫ ላይ ወጣች። ምላጩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ተጭኗል። አልነካችውም።

«ሹፌሮች ስሩ ሲገቡ ምላጩን የሚያስደግፉበት ነገር የላቸውም እንዴ?»

«አጵሎስ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነበረው። ትናንት ቸኩሎ ነው መሰለኝ አላደረገም። ቀን ሲጥል እንዲህ ነው።»

«ጉማጁ የታለ?»

ጋሽ ሲላስ ዙሪያውን ቃኙ። «እንጃ፤ ማገዶ አድርገውት ይሆናል።»

«ብየዳውስ?»

«የቃሲም ሥራ ነው፤ ባለፈው ወር። አዲስ ዕቃ ነበር እኮ! ከሱቅ እንደ ወጣ!»

«ቀለም አስቀብታችሁት ነበር?»

«ኧረ የለም፤ የፋብሪካ ቀለሙ ነው። እሱ ነካካው፣ ይኸው ሰው በላ።»

ቃሲም በጣቢያው ጥግ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ጵርስቅላ ገና አፏን ሳትከፍት ጀመረ።

«አልነካሁትም ኢንስፔክተር! አጵሎስ ጎረቤቴ ነው፤ ልጆቻችን ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ባለፈው ሳምንት ቀለሙ ተላጦ ስንጥቅ አየሁ ብሎ ከነትራክተሩ መጣ። ‹እኔ ከነካሁት ዋስትናው ይወድቃል፣ ሻጮቹን ጥራ› ብዬ መለስኩት። እንጀራዬን ገፍቼ ነው የመለስኩት!»

«ማን ሰማችሁ?»

«ማን ይሰማል? እኔና እሱ ነን። እሱ ደግሞ...» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «ሩቂያ፣ ሚስቴ፣ ለቅሶ መድረስ አልቻለችም። የሚስቱን የቤቴልን ለቅሶ ከበራችን ሆና እየሰማች መንገዱን መሻገር ፈራች። እኔን የገደለኝ እስሩ አይደለም» አለ።

ጵርስቅላ ቁልፏን በጣቷ እያሽከረከረች ወጣች። አንጀቷን በልቷት ነበር፤ ይሁንና አንጀት ማስረጃ አይሆንም።

መጋዘኑ ጋ ስትመለስ ምላጩን የሸጠው ድርጅት ሠራተኛ ተረፈ ከሆሳዕና ደርሷል። ክራቫቱን ያሰረ፣ ላብ ያጠመቀው ወጣት ነው።

«ብየዳ የነካው ዕቃ ዋስትና የለውም፤ ይህን ከአሁኑ...»

«እግዜር ይማረው ማለት ይቀድማል፣ ልጄ።»

ተረፈ አፈረ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር። ደንግጬ ነው። አጵሎስ ሰኞ ደውሎልኝ ነበር፤ ረቡዕ መጥቼ አያለሁ፣ ጥፋቱ የእኛ ከሆነ እንቀይራለን ብዬው ነበር። ይኸው ረቡዕ ነው።»

«እንደምትመጣ ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ለሊቀ መንበሩ ደውያለሁ። እሺ ብለው ዘጉት።»

«የምትሸጡት ምላጭ መለያ ቁጥሩ የት ነው?»

«በቀኝ ክንዱ ላይ፣ ብረቱ ውስጥ ተመትቶ ነው። ቀለም ቢቀባም በእጅ ይዳሰሳል።»

ጵርስቅላ ያልተሰበረውን ቀኝ ክንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ልሙጥ ነው። ተረፈም ዳሰሰው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቁጥሩን ላክልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አፍህንም ያዝ።»

ማምሻውን ለቅሶ ደረሰች። በቦኖሻ ለቅሶ ቤት ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መቀመጫ ይዞ ይመጣል፤ አግዳሚው፣ ዱካው፣ ፕላስቲክ ወንበሩ ድንኳኑን ይሞላውና ድንኳኑ ሲነሳ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ጵርስቅላ መቆም ፈልጋ ነበር፤ ለቅሶ ቤት ግን ቆማ እንድትቀር ማን ይተዋታል? «ቁጭ በዪ እንጂ!» ብለው ጎትተው ጥግ ላይ ካለ ጉማጅ ላይ አስቀመጧት።

የሟች ሚስት ቤቴል ድምፅዋ ተዘግቷል። ጵርስቅላ እግዜር ያጽናሽ ካለቻት በኋላ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት።

«አጵሎስ ምላጩ ስር ያለ ድጋፍ ገብቶ ያውቃል?»

«አጵሎስ?» ቤቴል በእንባዋ መሃል ፈገግ ልትል ቃጣት። «ጉማጁን ሳያስገባ? ከእኔ ይልቅ እሱን ነው ያገባኸው እያልኩ እቀልድበት ነበር። በዓይኔ አይቼው አላውቅም እንጂ ባየው ኖሮማ ሳልቀናበት አልቀርም።»

ጵርስቅላን የተቀመጠችበት ነገር ግን አላስቀምጥ አላት። ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ ይወድቃል፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ። «ይቺ ሴት ዛሬም አትረጋም?» አለ አንዱ በሹክሹክታ። ተነሥታ ጉማጁን ገለበጠችው። መሬት ላይ ተደፍቶ የነበረው ጫፉ ቀጥ ባለ መስመር ተጨምቆ ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም ተጣብቋል።

መልሳ ደፋችውና ተቀመጠችበት። ድንኳኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አልተነሣችም፤ የሚያውቋት ሁሉ ተገረሙ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሲላስ መካከላቸው ናቸው። ቃሲም በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። ሩቂያ ከመንገዱ ማዶ በሯን ተደግፋ ታያለች። ተረፈ ክራቫቱን አውልቆ ዳር ላይ ተሸጉጧል።

«አባቶቼ፣ ነገሩን ሳትጀምሩ አንድ ልመና አለኝ» አለች ጵርስቅላ። «ሁሉም ሰው ያመጣውን መቀመጫ ያንሳ።»

ጊዜውም ስለ ደረሰ ማንም አልተቃወመም። አግዳሚው በባለቤቱ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ዱካው ብብት ስር ገባ። በመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀረው ጉማጁ ብቻ ነበር።

«ይኼስ የማን ነው?»

አንዱ ሌላውን አየ። ወይ ጉድ! በለቅሶ ቤት ባለቤት ያጣ መቀመጫ ማን አይቶ ያውቃል?

«የአጵሎስ ነው» አለች። ገልብጣ አሳየቻቸው። «ምላጩ ያረፈበት ምልክት ይኸውና። ደጋግሞ አሳርፎበታል፤ እሱ ቸኩሎ የሚረሳ ሰው አልነበረም። ይህ ከስሩ ቆሞ ቢሆን ክንዱ አሥር ጊዜ ቢሰበር አይሞትም ነበር። ስለዚህ አደጋ እንዲመስል ጉማጁ ከመጋዘኑ መጥፋት ነበረበት።»

«ታዲያ ክንዱ አልተሰበረም?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ተሰብሯል፤ ከወደቀ በኋላ። ምላጩ ተነሥቶ ሳለ ክንዱ ተሰብሮ ቢወድቅ ኖሮ ዘንጉ ወደ ላይ እንደ ተነሣ ይቀር ነበር። እኔ ያገኘሁት ታች ድረስ ተጭኖ ነው። ጋሽ ሲላስ ከቁልፉ በቀር ምንም አልነካሁም ብለውኛል። አጵሎስ ደግሞ ስሩ ተኝቶ እጁ ዘንጉ ላይ አይደርስም። ሞተርስ አስነሥቶ ምላጭ ስር የሚገባ ሹፌር አለ? የለም፤ የሚያምነው ሰው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ካላነሳለት በቀር። ሰውየው አነሣለት፤ አጵሎስ ጉማጁን ሊያስተካክል ሳብ አደረገው፤ ሰውየው ለቀቀበት።»

ቤቴል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ቃሲምስ?» አለ ከወጣቶቹ አንዱ።

«ብየዳው ከቀለሙ ስር ነው። ባለፈው ወር ተበይዶ ቢሆን ቀለሙ ተቃጥሎ ብረቱ ገጥጦ ይታይ ነበር። ቀለሙ ከነስንጥቁ ሸፍኖታል። ማለት ይህ ምላጭ እዚህ ሲመጣም አሮጌ፣ የተሰነጠቀ፣ የተበየደ፣ ከዚያ የተቀባ ነው።»

ሁሉም ወደ ተረፈ ዞሩ። ልጁ ክው አለ።

«እሱን ተዉት። እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር፤ ዋስትና የሚፈራው ሻጭ ነው ብዬ። እሱ ግን ላየው እመጣለሁ ያለ ሰው ነው። የሸጠው ምላጭ ቁጥር አለው፤ ይኼ ቁጥር የለውም። ባለቁጥሩን ትናንት ማታ አዲሎ ከተማ አንድ ተቋራጭ ግቢ አገኘነው። ከማን ገዛህ ስንለው ከቦኖሻ ማኅበር ሊቀ መንበር አለን። አዲሱ ተሸጠ፣ አሮጌው ተቀብቶ በቦታው ገባ። እንግዲህ ባለ ዋስትናው መጥቶ ክንዱን እንዳይዳስስ የፈራው ማን ነው? ሻጩ ሳይሆን ለማኅበሩ የገዛው ሰው!»

ጋሽ ሲላስ ድምፃቸውን አላነሡም። «ሸጫለሁ እንበል። ሰው መግደል ሌላ ነው። ጉማጁን ማንም ሊያመጣው ይችላል።»

«ጉማጁ ተረፈ ከመምጣቱ በፊት፣ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ እዚህ እንደ ነበር ለቀስተኞቹ ነግረውኛል። ቃሲም ሬሳው እንደ ተገኘ ወዲያው ነው የታሰረው፤ ይህን ድንኳን ዛሬ ገና አየው። ግንድ ተሸክሞ በከተማ መሃል ሲሄድ የማይጠየቅ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄድ።»

ያን ጊዜ ቤቴል ተነሣች።

«እሳቸው ናቸው» አለች። «ማክሰኞ ማታ የማኅበሩ አግዳሚዎች በጋሪ ሲመጡ ይህን ግን እሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው አስገቡት። ልቀበልዎ ያላቸውን እንኳ እምቢ አሉ። ሽማግሌ ሰው ለባሌ ብሎ ግንድ ሲሸከም ሳይ ከለቅሶዬ ተነሥቼ፣ ‹ዕድሜ ይስጥዎ፣ ልጆችዎ ይባረኩ፣ ክፉ አይንካዎ› ብዬ መረቅኋቸው።»

ጋሽ ሲላስ ጉማጁን እያዩ ቀሩ። «ተወው ብዬ ለምኜው ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የስንጥቁን ነገር ለጉባኤው እናገራለሁ አለ። ቢሆንም ክፉ ያስብብኛል ብሎ አልጠረጠረኝም። ‹ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ ጋሼ› አለኝ።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከቃሲም እጅ ፈትተው ጋሽ ሲላስን አሰሩዋቸው። በአጠገቧ ሊያሳልፏቸው ሲሉ ቤቴል መንገድ ዘጋች። ዕድሜ ልኳን አንቱ ያለቻቸውን ሰው ክንዳቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«ምርቃቴን መልስልኝ!» አለች። «ምርቃቴን መልስልኝና ሂድ!»

ሴቶች ደግፈው አስለቀቋት። ሰዉ አግዳሚውንና ዱካውን እንደ ተሸከመ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ መበተን ጀመረ። በሰዎቹ መሃል አንዲት ሴት ብቻ በተቃራኒው ትመጣ ነበር። ሩቂያ ከቤቷ ዱካ አንስታ መንገዱን ተሻግራለች። ከቤቴል አጠገብ አስቀመጠችውና ገና አሁን ለቅሶዋን ጀመረች።