የመብረቂት ገመድ

ስምረት ክንፏን አውልቃ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችና በሩ አጠገብ ሰቀለችው። ሳይቀዘቅዝ የተሰቀለ ክንፍ ቤት አቃጠለ ሲባል ሰምታለች። ሐዋሳ ውስጥ ሁሉም ሥራ የሚገባው በክንፍ ነው፤ እሷ ግን ከዛፎቹ ጫፍ በላይ በርራ አታውቅም።

ሥራዋ የድሮ ፊልሞችን ወደ ግባ-ምስል መለወጥ ነው፤ ጠፍጣፋው ፊልም ሰው ገብቶ የሚመላለስበት ስፍራ እንዲሆን ማድረግ። የዛሬው ተራ የ«መብረቂት» ነው፤ ከጋዜጣ የሥዕል ታሪክ ለቴሌቪዥን የተዘጋጀ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው ድራማ። ከጣራ ጣራ እየበረረች ሰው የምታድነውን ጀግና የተጫወቱት የስምረት እናት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ነገ ለከተማው ሕዝብ ይታያል፤ እሳቸውም ተጋብዘዋል። በክንፍ የሚበር ሕዝብ በገመድ የተንጠለጠለች ሴት ሲያይ ይስቅባቸዋል ብላ ስምረት ሳምንቱን ሙሉ ስትጨነቅ ከርማለች።

«ገመዱን አጥፋው» አለችው ምስሉን የሚለውጠውን መሣሪያ።

አጠፋው። መብረቂት ከጣራው ተነሥታ እንደ ድንጋይ ወደቀች። ስምረት ደግማ ሞከረች፤ መብረቂት ወደቀች።

ባልደረባዋ ደምመላሽ ከኋላዋ ሳቀ። «መሣሪያው ክብደት ያውቃል። ያለ ገመድ ሰው አይነሣም ነው የሚልሽ።»

«እስከ ነገ ካልተስተካከለስ?»

«በረራው ይቆረጣላ።»

በረራው ከተቆረጠ የሚቀረው ጣራ ላይ የቆመች ሴት ናት። ስምረት ጥቂት አሰበችና ገመዱን መለሰች። «እሺ፣ ተከተለው። ጫፉ የት ነው?» አለችው መሣሪያውን።

መሣሪያው ከገመዱ መወጠርና መርገብ ተነሥቶ ካሜራው ያላየውን አሰላ። ምስሉ ውስጥ ካለው ግድግዳ ጀርባ ገመዱን የሚስቡ አሥራ አንድ የሰው ቅርጾች ቆሙ። ፊት የላቸውም፤ ክብደትና አሳሳብ ብቻ ነው ያላቸው።

እናቷን አስጠራች። ወይዘሮ አስካለ ምርኩዛቸውን ይዘው ምስሉ ውስጥ ገቡና ቅርጾቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ይሄ አጎንብሶ የሚስበው ጋሽ ብርሃኔ ነው፤ ወገቡን ያመው ነበር። ይቺ ከሁሉ ቀድማ የምትስበው እልፌ ናት፤ ችኩል።»

«እነማን ናቸው እማዬ?»

«የዕድራችን ሰዎች ናቸዋ። ገመዱም የድንኳኑ ነው። ቀብር ካለ ቀረጻ የለም።»

«ጥለውሽ አያውቁም?»

«አንዴ እልፌን አስነጠሳትና ክንድ ያህል ወረድኩ። አሥሩ ያዙኝ።»

«ፊት ልሥራላቸው?» አለ መሣሪያው።

«የሌላ ሰው ፊት አትስጣቸው» አሉ። «ስማቸውን እኔ እነግራችኋለሁ፤ ጻፉት።»

ስምረት ስማቸውን ከየቅርጹ ሥር ጻፈች። ገመዱን እንዳለ ተወችው፤ ሳቢዎቹ እንዲታዩ ግድግዳውን ግን አነሣችው።

በማግስቱ ሕዝቡ ገባ። መብረቂት ስትነሣ ስምረት የፈራችው ሳቅ ተሰማ፤ የእናቷን ክንድ ጨበጠች። ወይዘሮ አስካለ ግን ቀና ብለው ቆመዋል። አንዲት ጎልማሳ ሴት ዞራ ወደ ሳቢዎቹ ሄደች፤ ስሞቹን አነበበችና ከእልፌ ኋላ ቆማ ገመድ እንደሚይዝ ሰው እጇን ጨበጠች። ገመዱ ብርሃን ነው፤ የሚያዝ ነገር የለውም። ሌሎችም ተከተሏት፤ ሰልፉ ረዘመ፤ ሳቁ ጠፋ።

«ያዙ እንጂ» አለች ሴትየዋ ወደ ኋላ ዞራ፤ «ደግማ ልትነሣ ነው።»