ፋይናል ላይ ይስተካከላል

ለሴቻ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ የእነ ሳምሶን ሶፍትዌር ቤት ብቸኛ ቬንትሌተር ከሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መሽከርከር አቁሟል። ሳምሶንም ሞቷል፤ ይህ ግን ዘግይቶ የደረሰን ዜና ነው።

የተገደለው የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያስተካክለው ስታቢላይዘር ነው። ብረቱ አናቱን ከፍቶታል፤ ደሙ ግድግዳው ላይ እስከ ቀን መቁጠሪያው ድረስ ተረጭቷል። ኢንስፔክተር አበራሽ ጎንበስ ብላ የሟቹን አፍ አየች። ጥርሶቹ መካከል የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ ተሰክቷል።

በሩ ላይ ጽጌረዳ በካቴና ታስራለች። ጠዋት ከአለቃዋ ከሳምሶን ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከሰዓት ወደ ሳምሶን ክፍል ስትገባ አየኋት ያለው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዋ፣ አሁንም የሥራ ባልደረባዋ የሆነው ደግፌ ነው። እሱ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ ላቡን ይጠርጋል። ከሰዓቱን ሙሉ ከውጪው ክፍል፣ ከላፕቶፑ ፊት ንቅንቅ አላልኩም አለ።

«ምን ስትሠራ?»

«ዳርት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ስፈትሽ። ኮዱ ውስጥ ቋሚ ዕቃ ፈጥሬ፣ ፋይናል ያልኩትን ዋጋ እየቀያየርኩ።»

«ተቀየረልህ?»

«እንዴታ፣ ኢንስፔክተር። ደጋግሜ።»

ጽጌረዳ ድንገት ቀና ስትል አበራሽ አየቻት። ለብቻዋ ወስዳ ጠየቀቻት፤ ከዚያ ሁሉንም ላፕቶፑ ዙሪያ ሰበሰበች። ከጨንቻ የወረዱት ባለ ሕንፃው አቶ ወልደሥላሴ ግድግዳውን ማን እንደሚቀባ ይጠይቃሉ። ካቴናዋ ተፈታና ጽጌረዳ ደግፌ ያለውን ጻፈች። ስክሪኑ በስሕተት መልእክት ቀላ።

«ቋሚ እንዲሆን ውስጡ ያለው በሙሉ ፋይናል መሆን አለበት» አለች። «ፋይናል ደግሞ አንዴ ከተሞላ ተሞላ ነው። ልቀይር ብትል ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ እምቢ ይላል።»

አበራሽ ወደ ደግፌ ዞረች። «አንተ ልብህ ገና ካምፓስ ነው። እዚያ ሚድ ፈተና የተበላሸበት ፋይናል ፈተና ላይ ያስተካክላል። እዚህ አይስተካከልም። ይህን የማይሆን ነገር ስሠራ ነበር ካልክ፣ ላፕቶፑ ፊት ወንበሩ ላይ አልነበርክም። ወንበሩ ላይ ካልነበርክ፣ ስትገባ አላየሃትም። ሟቹ የገዳዩን ሸሚዝ ነክሶ ነው የሞተው። ጃኬትህን ክፈት።»

አልከፈተም። አንድ ፖሊስ ከፈተለት። ሰማያዊ ሸሚዙ ደረቱ ላይ በደም እንደ ካርቶን ደርቋል፤ እጅጌው ተቦጭቆ፣ ከሥሩ ንክሻው ገና ያዣል።

ከተመረቁ ጀምሮ የደግፌን ኮድ የምትጽፍለት ጽጌረዳ ነበረች። ሳምሶን ደርሶበት ሊያባርረው ነበር፤ የጠዋቱ ጭቅጭቅም «አታባርረው» ስትል ነው። አሁን በካቴና የተላጠ የእጅ አንጓዋን እያሸች ደግፌ ፊት ቆመች።

«እሱን ገደልክ፣ እሺ። እኔን ለምን አሳሰርክ?»

«አልነግርሽም» አለ ደግፌ።