የተገለበጡት ሳህኖች

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ያካፋው ዝናብ ገና አላባራም።

ጥበቃው የባዮሎጂ ትምህርት ክፍሉን በሮች ሊቆልፍ ሲዞር፣ ፕሮፌሰሩን በትንሿ ላቦራቶሪ ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው አገኛቸው። ጭንቅላታቸው ከድንጋዩ ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። የሸሚዛቸው የአንገት ቁልፍ ተበጥሷል። ከእጃቸው ወድቆ የተሰበረው ብልቃጥ ያፈሰሰው የባክቴሪያ ምግብ ወለሉ ላይ እንደ ሙጫ ረግቷል። ጠረጴዛው ላይ ይኸው ምግብ የተቀዳባቸው፣ ክዳን ያላቸው አሥራ ስድስት ክብ የመስታወት ሳህኖች ክዳናቸው ወደ ታች ሆኖ፣ ተገልብጠው ተደርድረዋል።

ይህን ሁሉ የጽዳት ሠራተኛዋ ከጥበቃው አንድ ሰዓት ቀድማ አይታው ነበር። ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

ምክንያቱ ባልዲዋ ውስጥ፣ ከመወልወያው ጨርቅ ሥር ነበር፦ የእኅቷ ልጅ ነጭ ጋውን። ኪሱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት የጠለፈችው ራሷ ናት። የልጅቷ እናት ከሞተች ወዲህ እንደ ወለደቻት አድርጋ ያሳደገቻት ይህች ልጅ፣ ዛሬ ለአንዲት የምርምር ቦታ ቃለ መጠይቅ ቀርባለች። ጋውኗ ከሬሳው ሁለት ክንድ ርቆ በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር። አክስቷ አወረደችው፤ ሸሸገችው።

ጥበቃው ፖሊስ ጠራ፤ የመጣችው መርማሪ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ነበረች። ሬሳውን ብዙ አላየችም። ሳህኖቹን ግን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሣች ክዳናቸውን አየች፤ ከዚያም አሸተተቻቸው።

«እነዚህ ለምን ተገለበጡ?»

የመለሰላት ረዳት ፕሮፌሰሩ ነው፤ ተማሪዎች ‹ከረባት› ይሉታል። ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«ምግቡ ፈልቶ፣ በትኩሱ ይቀዳል። ሲበርድ ይረጋል፤ ሲረጋ ይገለበጣል። አለዚያ የእንፋሎቱ ላብ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ ያበላሸዋል።»

«ለመርጋት ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«ግማሽ ሰዓት። ጨርሶ እስኪቀዘቅዝ ከዚያም በላይ።»

«ፕሮፌሰሩ የወደቁት እየቀዱ ሳለ ነው፤ ብልቃጡ በእጃቸው ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ሳህን አይገለብጥም።»

«ልክ ነዎት። ያልሠለጠነ ሰውም መገልበጡ ትዝ አይለውም። እዚህ ቤት ይህን የሚያውቁ እጆች ሦስት ናቸው፤ የሳቸው፣ የእኔ፣ የልጅቷ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ለአሥር አምስት ጉዳይ ላይ በሩን አንኳኳሁ። ‹እየቀዳሁ ነው፣ በኋላ› አሉኝ። ከአሥር ሰዓቱ ደወል በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በአርባ ተማሪዎች ፊት ቆሜያለሁ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቢሮዬ። ብቻዬን።» ፈገግ አለ። «ያን ጊዜ ግን ሰውየው በሕይወት ነበሩ እኮ።»

ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የምትወለውለው አክስት ሁሉንም ሰማች። ሦስት እጆች ሲባል፣ አራተኛዋ እጅ መወልወያው ላይ ደርቃ ቀረች።

ሳህኖቹን የገለበጠቻቸው እሷ ነበረች። ከዓመታት በፊት ፕሮፌሰሩ «እትዬ፣ ረግተው ካገኟቸው ይገልብጡልኝ፤ እኔ እረሳለሁ» ብለዋት ነበር። ዛሬም ሬሳቸው አጠገብ እያነባች፣ አንድ በአንድ ገለበጠችላቸው። እጅ የለመደውን ሲሠራ ልብ በቦታው አልነበረም። አሁን ያ ደግነት በልጇ አንገት ላይ የሚገባ ገመድ ሆነ።

ልጅቷ በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ቢሮ ተጠየቀች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«ከስምንት ተኩል እስከ አሥር ሩብ ጉዳይ የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ ፊት ነበርኩ።»

«ከላቦራቶሪው በር የወሰድኳት እኔው ነኝ» አለች ጸሐፊዋ። «ፕሮፌሰሩ ምግባቸውን እያፈሉ ‹አይዞሽ› ሲሏት ሰምቻለሁ። ቃለ ጉባኤም ይዣለሁ። ላቧን ሦስት ጊዜ ጠርጋለች፤ እሱን ግን አልጻፍኩትም።»

«ከዚያ በኋላስ?» አለች መርማሪዋ።

«ችግኝ ቤት» አለች ልጅቷ።

«ማን አየሽ?»

«ችግኞቹ።» ልጅቷ አልቀለደችም።

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ቅሬታ ነበራችሁ?»

«የለም። የረዳት ፕሮፌሰሩን የባክቴሪያ ቆጠራ ደግሜ እንድሠራ አዘውኝ ነበር። አልገጠመም። ሳህኑ ላይ ያልበቀለ ነገር ተቆጥሯል። ነገ ለኮሚቴው እናገራለሁ ብለው ነበር።»

ስትወጣ አክስቷን ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት።

«አክስቴ፣ ጋውኔን አይተሽዋል? ለቃለ መጠይቁ ስሄድ በሩ ጀርባ ሰቅዬው ነበር።»

አክስቷ ልታምናት ፈለገች።

«አላየሁም፣ ልጄ» አለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መርማሪዋ ሁሉንም በትልቁ የመማሪያ ላቦራቶሪ ሰበሰበች። አንድ ሳህን ፊቷ አስቀመጠች።

«እዚህ አንድ ሰው ይዋሻል፤ አንድ ሰው ደግሞ ዝም ብሏል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የዛሬው ግን ሊነቅዝ ነው።» ሳህኑን ወደ ጸሐፊዋ ገፋች። «ምን ይሸታል?»

«በረኪና።»

«በዚህ ሙያ የሠለጠነ ሰው በረኪና በነካው እጁ ሳህን አይነካም፤ የሚያሳድገውን ይገድልበታል። እንግዲህ የገለበጣቸው ከሦስቱ እጆች አንዱም አይደለም። ጥበቃው የአሥር ሰዓቱ ደወል ሲያበቃ ባልዲ ይዘው ከዚያ በር የወጡ ሴት አይቷል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ እኔ አልገፋዎትም።»

አክስቲቱ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ብትናገር ሬሳ አይታ የሸሸች፣ ዕቃ የሸሸገች ናት። ዝም ብትል ልጅቷን ይወስዷታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «የመጨረሻውን ስገለብጥ ነው ደወሉ የተደወለው። ጋውኗንም እኔ ነኝ የደበቅሁት። እሷ... መስላኝ።»

«እኔ?» አለች ልጅቷ። «አክስቴ፣ እኔ?»

«ሲገለብጧቸው ይሞቁ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ኧረ ምን ሞቆ። እጄን በረደኝ።»

«ክዳኖቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። በሙቀታቸው ቢገለበጡ ላብ በያዙ ነበር፤ ደረቅ ናቸው።» ወደ ከረባት ዞረች። «ለአሥር አምስት ጉዳይ ላይ ‹እየቀዳሁ ነው› ሲሉ ሰምቻለሁ ብለዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሳህኖቹ በረዶ ነበሩ። ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ እንደሚፈጅ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ፕሮፌሰሩ የሞቱት ከዘጠኝ ተኩል በፊት ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ኮሚቴ ፊት፣ እርስዎ ብቻዎን ነበሩ። ሬሳውን ያናገሩት ሞቱን እሷ ብቻዋን ወደነበረችበት ሰዓት ለመግፋት ነው። የቆጠራውን ጉድ የምታውቅ እሷ ብቻ ቀርታለችና።»

«የጽዳት ሠራተኛ ቃል ነው እኮ» አለ ከረባት። «ያውም ለዘመዷ።»

«እንግዲያው የእጅዎን ቃል እንስማ። የፈላ ምግብ ሲፈስ ያቃጥላል። ከመጣሁ ጀምሮ ቀኝ እጅዎ ከኪስ አልወጣም። ተማሪዎችዎም ዛሬ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል እንዳልጻፉ ነግረውኛል።»

ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲመታ ይሰማ ነበር። ከረባት እጁን ቀስ ብሎ አወጣው። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ቆዳው ተልጧል።

«አንገታቸውን ያዝኳቸው እንጂ...» አለ።

ሲወስዱት ክፍሉ ባዶ ሆነ። ልጅቷ ከአክስቷ ፊት ለፊት ቆመች።

«ገድላለች ብለሽ ነው የደበቅሽልኝ?»

«አዎ።»

«ገድዬ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ያው እደብቅልሽ ነበር።»

ልጅቷ ባልዲውን አነሣች፤ አክስቷ መወልወያውን ያዘች። አብረው ወደ ደጁ ወጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነጩ ጋውን ታጥቦ፣ ተተኩሶ በላቦራቶሪው በር ጀርባ ተሰቅሎ ነበር።